ሊዮን በአንድ ቀን፦ ዳገቱን በባቡር፣ ቁልቁለቱን በእግር

ሊዮን ውሎ የተመለሰ አንድ ወዳጄ ስለ ከተማው ስጠይቀው «ቆንጆ ነው፤ ግን በሩን ይዘጋብሃል» አለኝ። ከአሮጌው ሰፈር ዝነኛ መተላለፊያዎች አንዱን ፈልጎ አድራሻው ላይ ደርሷል፣ ከባዱን የእንጨት በር ገፍቷል፣ በሩ ግን አልተነቃነቀም። ከዚያ ወዲያ ቀኑ ደረጃ መውጣትና ደረጃ መውረድ ሆነበት። ትንሽ ቅሬታ ናት፤ እውነት ስለሆነች ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ሊዮን የምር በሩን የሚዘጋ ከተማ ነው። መቼና ለምን እንደሚዘጋ ያወቀ ሰው ቀኑን ሲያቅድ ከበሮቹና ከዳገቶቹ ይነሳል፤ የሐውልትና የቤተ ክርስቲያን ዝርዝር ኋላ ይደርሳል።

ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በየበሩ ላይ እንደሚለጠፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ዓመታቱም እንዲሁ።

ከላይ መጀመር

ሊዮን ሁለት ወንዝና ሁለት ኮረብታ አለው። ወንዞቹ ሶንና ሮን ናቸው፤ ኮረብቶቹ በምዕራብ ፉርቪዬር፣ በሰሜን ክሯ ሩስ። በወንዞቹ መካከል ያለው ሜዳ ፕሬስኪል ይባላል። አብዛኛው እንግዳ መሀል ስለሆነ ብቻ ከቤልኩር አደባባይ ይጀምራል፤ በቀትር ፉርቪዬርን በእግሩ ይወጣል፤ ወርዶ ይበላል፤ ማምሻውን እግሩ ዝሎ ክሯ ሩስ ሥር ቆሞ ደረጃውን ቀና ብሎ ያያል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። ሁለቱንም ኮረብቶች የሚያወጣ ባቡር እያለ ጉልበትን በዳገት ላይ መጨረስ አያስፈልግም፤ የከተማው ጣዕም ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ከፓሪስ የሚመጣው ፈጣን ባቡር በሁለት ሰዓት ያህል ፓር ዲዩ ጣቢያ ያደርሳል። ከዚያ በሜትሮ ቢ መስመር እስከ ሳክስ ጋምቤታ፣ ቀይሮ በዲ መስመር እስከ ቪዬ ሊዮን። ሽቅብ የሚጎተተው ፉኒኩላር የሚነሳው ከዚያው ጣቢያ ነው፤ የአንድ ሰዓቱ የሜትሮ ትኬትም ይሠራበታል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ፉኒኩላሩ ሁለት መስመር አለው። አንዱ በቀጥታ ወደ ፉርቪዬር ይወጣል፤ ሌላው በሚኒም አድርጎ ወደ ሳን ጁስት ይሄዳል። ተሳስታችሁ ሁለተኛው ላይ ብትወጡ አትደንግጡ፤ ሚኒም ላይ ወርዳችሁ ከሮማውያኑ ቲያትር ጀምሩ፣ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይገለበጣል።

8:30 ላይ ኮረብታው አናት ያለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን፣ የባዚሊካው ደጃፍ መድረስ ጥሩ ነው። ሕንፃው በ1870 የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን ካልያዘ እንሠራለን ተብሎ የተሳለ ስለት ነው፤ ግንባታው በ1872 ተጀመረ፣ አርኪቴክቱ ፒዬር ቦሳን ነበር። ሊዮናውያን አራቱን ማማዎች አይተው «የተገለበጠ ዝሆን» ይሉታል፤ እኔም በውጭ በኩል ከእነሱ ጋር ነኝ። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ በሞዛይክ የተሸፈነ ነውና ሃያ ደቂቃ ይገባዋል። ከጎኑ ያለው ሰገነት ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ጠዋት ፀሐዩ ፊት ለፊት ነው፤ ፎቶ አይሆንም። ይልቅ እንደ ካርታ ተጠቀሙበት። ከታች ቀይ አፈር የለበሰው ሰፊ አደባባይ ቤልኩር ነው፤ ከሮን ማዶ እንደ እርሳስ የሾለው ፎቅ የመጣችሁበት ፓር ዲዩ ነው፤ በግራ በኩል ሕንፃዎቹ ተደራርበው የሚታዩበት ኮረብታ የከሰዓቱ ክሯ ሩስ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ቀኑን ሙሉ ስልኩን አያወጣም።

ከባዚሊካው ወደ ደቡብ አሥር ደቂቃ ቢሄዱ የሮማውያኑ ቲያትር ይገኛል። ከተማዋን ሉጉዱኑም ብሎ የቆረቆራት ሮማዊው ሉቺየስ ሙናቲየስ ፕላንከስ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43። ቲያትሩ ከዚያ ጥቂት አሥርት ዓመታት ዘግይቶ ተሠርቶ፣ ኋላም ሰፍቶ አሥር ሺህ ያህል ሰው ይይዝ ነበር። ከተቀበረበት በስፋት ማውጣት የተጀመረው በ1933 ነው። መግቢያው በነፃ ነው፤ ከጠዋቱ 7 ሰዓት ጀምሮ ይከፈታል። በሰኔና በሐምሌ ግን የፉርቪዬር የበጋ ፌስቲቫል መድረክና ወንበር ስለሚዘረጋ ግማሹ ይዘጋል። ከጎኑ ያለው ሙዚየም ሰኞ ዝግ ነው፤ በሌሎቹ ቀናትም አርፍዶ ነው የሚከፈተው። ውስጡ ቀላውዴዎስ ቄሣር በ48 ዓ.ም. የጎል፣ ማለትም የያኔዋ ፈረንሳይ፣ ሹማምንት ሮም ሴኔት እንዲገቡ ያደረገው ንግግር የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ አለ። ቀላውዴዎስ ራሱ የተወለደው ሊዮን ነው። ለታሪክ የሚሞት ሰው ይጠብቅ፤ አንድ ቀን ብቻ ላለው ግን ጠዋቱን ሙዚየም ውስጥ መጨረስ ከበሮቹ ጋር ያጣላል።

ቁልቁል የሚወስደው መንገድ ሞንቴ ዱ ጉርጊዮን ነው፦ ጠባብ፣ ቀጥ ያለ፣ ክብ ክብ ድንጋይ የተነጠፈበት። ዝናብ ከጣለ ሶሉ የለሰለሰ ጫማ ያንሸራትታል፤ የሕፃን ጋሪ የሚገፋም በፉኒኩላሩ ቢመለስ ይሻለዋል። በኅዳር 1305 የሮማው ጳጳስ ቀሌምንጦስ 5ኛ እዚህ ሊዮን ዘውድ ጭነው በሰልፍ ሲወርዱ ሰው የተጨናነቀበት ግንብ ተደርምሶ የብሪታኒው መስፍን ዣን 2ኛ ሞቱ፤ ጳጳሱም ከፈረሳቸው ወደቁ። የመንገዱን ስፋት በዓይኑ የለካ ሰው ነገሩ አይገርመውም።

ትራቡል፦ በሩ ፊት ለፊት

ወርዳችሁ በሳን ዦርዥ ሰፈር አድርጋችሁ የሳን ዣን ካቴድራል ጋ ትደርሳላችሁ። ካቴድራሉን ለመሥራት ሦስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ ከመሠዊያው በኩል ወደ ደጁ ስትሄዱ ክቡ የሮማኔስክ ቅስት እየሾለ ጎቲክ ሲሆን ይታያል። የፊት ግድግዳው ላይ ያሉት ባዶ የሐውልት ማስቀመጫዎች በ1562 የፕሮቴስታንት ወታደሮች ሐውልቶቹን የሰባበሩባቸው ናቸው። ከዚህ አልፎ ሩ ሳን ዣን የሚባለው ጎዳና ይጀምራል። ሰዓቱ 10:30 ገደማ ይሆናል፣ ልክም ነው።

የዚህ ሰፈር ጎዳናዎች ከሶን ወንዝ ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱ ረጃጅም መስመሮች ናቸው፤ አቋርጦ ወደ ወንዙ የሚያወጣ መንገድ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰው በቤቶቹ ሥር ማለፍ ጀመረ። ከአንዱ ጎዳና በር ገብቶ፣ በጓሮ አልፎ፣ በሌላው ጎዳና በር መውጣት፤ ትራቡል የሚሉት ይህን ነው። በመላው ከተማ በመቶ የሚቆጠሩ ሲኖሩ ለሕዝብ ክፍት የሆኑት አርባ ያህሉ ናቸው። ከአሮጌው ሰፈር ረጅሙ የሩ ሳን ዣን 54 ቁጥር ነው፤ መውጫው ሩ ዱ ቤፍ 27 ቁጥር ነው።

አገባቡ እንዲህ ነው። በሩ የተቆለፈ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ አይደለም። በጎን የኮድ ቁልፎች ያሉበት ሰሌዳ አለ፤ አጠገቡ ወይም ከሥሩ ያለችውን አንድ ቁልፍ ተጫኑ፣ ጠቅ ሲል በትከሻ ግፉ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ንኩ፣ መብራቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ ይጠፋል። ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፤ ጓሮው ላይ ስትደርሱ ቀና በሉ፣ ጠመዝማዛው ደረጃና ቅስቱ ያለው ላይ ነው። ደረጃውን አትውጡ፤ የተፈቀደው መተላለፊያውና ጓሮው ነው። በወዲያኛው በኩል ስትወጡ ሩ ዱ ቤፍ 16 ቁጥር ጓሮ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለው ማማ አለ። ተመልሳችሁ የሩ ሳን ዣን 27 ቁጥርን ብትሞክሩ ደግሞ ሩ ዴ ትሯ ማሪ 6 ቁጥር ላይ ያወጣችኋል።

የወዳጄ በር እንግዲህ ለምን አልተከፈተም? ቁልፏን ሳያያት ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መሽቶበት። ጥያቄው ግን ከዚያ ይሰፋል፦ እንዲህ ያለ በር ጭራሽ ለምን ይከፈታል? ውስጥ ገብታችሁ ግራ ቀኝ ብታዩ የምታገኙት የፖስታ ሣጥኖች፣ የቆሻሻ በርሜል፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ብስክሌት ነው። የሰው መኖሪያ ነው። ጣሊያን ነጋዴዎችና ባንከሮች በ16ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህን ቤቶች ሲሠሩ ትርዒት አድርገው አልሠሯቸውም፤ ዕቃም ሰውም ወደ ወንዙ ማለፍ ስለነበረበት በሩ ክፍት ነበር። ንግዱ ሲሄድ የበሩም ምክንያት አብሮ ሄደ። ሰፈሩ ተጎሳቁሎ፣ ከ1957 ጀምሮ ከንቲባ የነበሩት ሉዊ ፕራዴል ከፊሉን አፍርሰው ፈጣን መንገድ ሊያሳልፉበት ነበር። የሰፈሩ ተቆርቋሪዎች ተነሡ፤ የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ በ1962 ባወጡት ሕግ መሠረት በ1964 ቪዬ ሊዮን በፈረንሳይ የመጀመሪያው ጥብቅ ታሪካዊ ሰፈር ሆነ። ዩኔስኮ በ1998 ተከተለ።

ሰፈሩ ተረፈ ማለት ግን በሩ ተከፈተ ማለት አልነበረም። ባለቤቱን ማን ያስገድደዋል? ከተማው የመረጠው መንገድ ውል ነው፦ ባለቤቶቹ በቀን በሩን ይከፍታሉ፣ ከተማው በፋንታው ለመተላለፊያው ጥገና፣ ጽዳትና መብራት ገንዘብ ያዋጣል። ይህ ለአንዳንዱ ቀዝቃዛ ነገር ይመስለዋል፤ «ድሮ ሁሉ ክፍት ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ሳስበው ሳስበው ወደ ውሉ አደላለሁ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ይባል የለም? እዚህ ደግሞ እንግዳው በየቀኑ አዲስ ነው፤ ለራሱ የመጀመሪያ ቀኑ ነው፣ ለነዋሪዋ ግን ስንተኛው እንደሆነ እሷም አታውቀው። ደግነት ብቻውን ይህን አይችልም። በሩን ድሮ ንግድ ከፈተው፤ ዛሬ ውል ይከፍተዋል። ምክንያት ያጣ በር ይዘጋል፤ ከተማው ያን ምክንያት መልሶ ገዛው።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ብዙ ነው። በሩ የቀን በር ስለሆነ ትራቡል ለምሽት አይተውም። የጠባብ ጓሮ ግንብ ድምፅን ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ከታች በመደበኛ ድምፅ ያወራ ቡድን አራተኛ ፎቅ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል፣ ቅሬታው ሲበዛ ኮዱ የሚለወጠው ለዚህ ነው። ከአራትና ከአምስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ተከፋፍላችሁ ግቡ። በሩንም ስትወጡ እስኪገጥም ሳቡት።

ምሳ

የሊዮን ባህላዊ ምግብ ቤት ቡሾን ይባላል። ወጥ ቤቱ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ነው የሚሠራው፤ 14:10 ላይ የደረሰ ሰው ሳንድዊች ይበላል። ብዙዎቹ እሑድ ወይም ሰኞ ዝግ ናቸው። በአራት ቋንቋ ሜኑ በር ላይ የዘረጋውን ትታችሁ፣ ኛፍሮን የሚባለው የአሻንጉሊት ቲያትር ገጸ ባሕርይ የታተመበትን የቡሾኖቹን ማኅበር ምልክት ፈልጉ።

የአማርኛ አንባቢ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ የቡሾን ምግብ ባብዛኛው አሳማና የሆድ ዕቃ ነው። አንዱዬት የአሳማ አንጀት ነው፤ ታብሊዬ ደ ሳፐር በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ የተጠበሰ የከብት ጨጓራ ነው። አሳማ የማይበላ ሰው ኬኔል ይዘዝ፤ ብሮሼ ከሚባለው የወንዝ ዓሣ ይሠራል፣ ስጎው ግን በክሬምና ክሬይፊሽ በተባለ ቀይ፣ ሸርጣን መሰል የወንዝ እንስሳ ነው። ሴርቬል ደ ካኑ ስሙ («የሸማኔ አንጎል» ማለት ነው) ያስፈራል እንጂ ቅጠላ ቅጠል የገባበት ያልቆየ ለስላሳ አይብ ነው። ጾመኛ ከሆናችሁ ቡሾንን እርሱት፤ ዓሣውም ቅቤና እንቁላል አለው።

የሐሩ ኮረብታ

ሶንን በሳን ቫንሳን የእግረኛ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ታዋቂ ሊዮናውያን በሐሰት መስኮቶች ላይ የተሳሉበትን ግድግዳ አይታችሁ፣ ቴሮ አደባባይ ትደርሳላችሁ። ከማዘጋጃ ቤቱ ጎን ሜትሮ ሲ ይነሳል። ይህ ሜትሮ ጥርስ ባለው ሐዲድ የሚወጣ ነው፤ ዳገቱ እስከ 17 በመቶ ይደርሳል። ክሯ ሩስ ጣቢያ አትውረዱ፣ አንድ ጨምራችሁ ኤኖን ላይ ውረዱ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ሙር ዴ ካኑ አለ፦ በ1987 የተሳለ፣ 1,200 ካሬ ሜትር የሆነ የግድግዳ ሥዕል። ሰፈሩን ራሱን ነው የሚያሳየው፤ ሰፈሩ ሲለወጥ ሥዕሉም ደጋግሞ ታድሷል።

ካኑ የሚባሉት የሐር ሸማኔዎች ናቸው። ቤቶቹን ቀና ብላችሁ ስታዩ መስኮቱ ረጅም፣ በፎቅና በፎቅ መካከል ያለው ቁመት ያለ ልክ የበዛ ይመስላል። የእኛ ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ይሠራል፤ ዣካር በ1804 ገደማ ያወጣው የሽመና መሣሪያ ግን የጨርቁን ንድፍ የሚመሩት የተበሳሱ ካርዶች ከአናቱ ላይ ስለሚዞሩ ወደ ላይ አራት ሜትር ያህል ጣሪያ ይጠይቃል። ቤቱ የተሠራው ለመሣሪያው ነው፤ ቤተሰቡ የሚተኛው ጥግ ላይ በተሰቀለች የእንጨት ቆጥ ነበር።

በ1831 ጥቅምት ለአንድ ጨርቅ ዝቅተኛው ዋጋ ስንት ይሁን በሚለው ላይ ሸማኔና ነጋዴ ተስማሙ፤ ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ አንከፍልም አሉ። በኅዳር ካኑዎቹ «ሠርተን እንኑር ወይም ተዋግተን እንሙት» ብለው ከኮረብታው ወርደው ከተማውን ያዙ። የንጉሡ ጦር መጥቶ መለሰው። በ1834 ሚያዝያ እንደገና ተነሡ፤ ያኔ ደሙ በዛ።

ከኮረብታው ጫፍ ግሮ ካዩ የተባለውን፣ የበረዶ ግግር ከአልፕስ ያመጣውን ትልቅ ድንጋይ አልፋችሁ ወደ ኮልበር አደባባይ ውረዱ። 9 ቁጥር ኩር ዴ ቮራስ ነው፤ ስድስት ፎቅ የሚያህል ክፍት የድንጋይ ደረጃ ከጓሮው ላይ ተነሥቶ ይቆማል። የሐር ጥቅል በዝናብ እንዳይበሰብስ ከቤት ወደ ቤት በሽፋን ሥር ይወርድ የነበረው በእንዲህ ያሉት መተላለፊያዎች ነው። ጓሮው ሩ ኤምበር ኮሎሜስ 29 ላይ ያወጣል፤ መንገዱን ተሻግራችሁ 20 ቁጥር ስትገቡ ደግሞ ሩ ዴ ታብል ክሎዲየን 55 ላይ ትወጣላችሁ። እነዚህ ቀኑን ሙሉ ክፍት ከሚሆኑት ናቸው። በዚህ ኮረብታ ከውሉ ውጭ ያሉት ግን ብዙውን ጊዜ ለፖስታ አዳዩ ሲባል ጠዋት ብቻ ነው ቁልፋቸው የሚሠራው። ሐር የሚያስጨንቀው ሰው ስለዚህ ቀኑን ይገልብጠው፦ ጠዋት ክሯ ሩስ፣ ከሰዓት ፉርቪዬር። ያኔ የሰገነቱ ፎቶ ያምራል፣ ከሰኞ በቀር በየጠዋቱ የሚቆመው የክሯ ሩስ ገበያም አያመልጥም። የሚከፈለው ዋጋ ሩ ሳን ዣንን በከሰዓት ግፊያ ማየት ነው። እኔ ግፊያውን ስለምጠላ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ከታብል ክሎዲየን ጥቂት ወረድ ሲሉ የሦስቱ ጎሎች አምፊቲያትር አለ። በ19 ዓ.ም. የተሠራ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ማየት ይበቃል። በ177 ዓ.ም. የሊዮን ክርስቲያኖች ለአውሬ የተሰጡበት ቦታ ነው፤ መሀሉ ላይ የቆመው ምሰሶ መታሰቢያቸው ነው። ከእነሱ መካከል ብላንዲና የተባለች ባሪያ ነበረች። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው ጳጳስ ፖቲኖስ በእስር ቤት ሞቱ፤ በመንበራቸው የተተካው በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሄሬኔዎስ የምንለው አባት ነው። ታሪኩ የደረሰን ከሞት የተረፉት በጻፉት ደብዳቤ ነው፤ አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ውስጥ አኖረው። የፈረንሳይ ጎብኚ በሁለት ደቂቃ የሚያልፈው ይህ ስፍራ ለኛ ሰው ምናልባት ከባዚሊካው ይበልጣል።

ማምሻውን

በሞንቴ ደ ላ ግራንድ ኮት ወርዳችሁ ቴሮ ላይ ስትመለሱ 17:30 ገደማ ነው። እስካሁን የተሄደው ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ነው። የሥዕል ሙዚየሙ ማክሰኞ ዝግ ነው፤ የድሮ ገዳም የነበረው ግቢው ግን ያለ ክፍያ የሚቀመጡበት ነው፣ ሰዓቱ ካላለፈ። እነዚህን የፕሬስኪል ንግድ ቤቶች ሳይ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፦ የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ የሊዮን ነጋዴዎች ወደ ቀይ ባሕር አቀኑ። ኤደን ላይ ቡናና ቆዳ ይነግድ የነበረው የባርዴ ኩባንያ የሊዮን ነበር፤ ገጣሚውን አርተር ራምቦን በ1880 ቀጥሮ ወደ ሐረር የላከው እሱ ነው። ሐረር ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። ሐረር ስለ ራምቦ ብዙ ታወራለች፤ ስለ ሊዮን የሚያነሣ ግን የለም።

ባቡራችሁ ከሌላው ጣቢያ ከፔራሽ ከሆነ ሩ ደ ላ ሬፑብሊክ በሚባለው ጎዳና ቀጥ ብላችሁ፣ ቤልኩርን አቋርጣችሁ ሂዱ፤ አርባ ደቂቃ በቂ ነው። ከፓር ዲዩ ከሆነ ሜትሮ አያስፈልግም። ሮንን በላፋዬት ድልድይ ተሻግራችሁ በኩር ላፋዬት ግማሽ ሰዓት ያህል ስትሄዱ 102 ቁጥር ላይ በፖል ቦኩዝ ስም የተሰየመው የምግብ ገበያ ይጠብቃችኋል፤ ሰኞ አብዛኛው ይዘጋል፣ እሑድ ከቀትር በኋላም እንዲሁ። ፕራሊን የተባለው ቀይ ስኳር የለበሰ ለውዝ የገባበት ብሪዮሽ የሚባል ለስላሳ ዳቦ ግዙ። ታርቱ ይበልጥ ያምራል፣ ግን ባቡር ውስጥ ይቀልጥና ልብስ ያበላሻል። ጣቢያው ከዚያ አሥር ደቂቃ አይሞላም።